«የተመዘገበ ነው?» ተብዬ መልስ ያጣሁበት ቤት

ባህር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ ከከፈትኳት ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ወረቀት የሚያሳድድ ሰው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል፣ የቤት ካርታ፣ የውርስ ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ከቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ። ከሱቄ ፊት ለፊት የነበረው አሮጌ ቤት እንደሚፈርስም ከሰፈሩ ሰው ቀድሜ ያወቅኩት ለዚህ ነው። ነዋሪዎቹ እንዲነሱ የተጻፈላቸውን ደብዳቤ ሦስት ሦስት ኮፒ አድርጌ የሰጠኋቸው በራሴ እጅ ነው። ይሄን የምጽፈው በዛ ቤት ላይ የሠራሁትን ስህተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው፣ ባህር ዳርም ይሁን ጎንደር፣ ደሴም ይሁን ሐረር፣ መሀል ከተማ ላይ አሮጌ ቤት የሚወድ ሰው ካለ ምናልባት ይጠቅመዋል።

ቤቱ ማዕዘን ላይ ነበር፣ ሁለት መንገድ የሚገናኝበት። የሠራው ሰው ማዕዘኑን ሹል አድርጎ አልተወውም፣ ቆረጥ አድርጎ በሩን እዛ ላይ አስገባው፣ ስለዚህ ከየትኛውም መንገድ ብትመጡ በሩ እናንተን ነው ሚያየው። ግድግዳው እስከ መስኮቱ ድረስ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ከዛ በላይ እንጨትና ጭቃ ሆኖ በኖራ የተቀባ። የመስኮቶቹ መዝጊያ በጠባብ በጠባብ ጣውላ ተሰድሮ የተሠራ፣ ተዘግቶም ነፋስ የሚያስገባ ዓይነት ነው፣ አረንጓዴ የነበረውን ቀለም ፀሐይና ዝናብ ግራጫ አድርጎታል። የጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ጣውላ ተመቶበታል። ክረምት ላይ ዝናቡ በጣውላው ጫፍ ጫፍ እየተንጠባጠበ ሲወርድ መሬቱ ላይ እኩል እኩል ጉድጓድ ይሠራ ነበር፣ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ቁጭ ብዬ እሱን ነበር ማየው።

በረንዳው ደግሞ የሰፈሩ ነው። ሊስትሮዎቹ ዝናብ ሲመጣ እዛ ይጠለላሉ፣ እዛው ቤት የሚኖሩት እማማ ጠዋት ጠዋት ቆሎ ያዞራሉ። ሚያዝያ ላይ የባህር ዳር ሙቀት ሲነሳ እኔ ሱቅ ውስጥ ማሽኑም ሰውም ያልበዋል፣ እዛ በረንዳ ላይ ግን ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ በሁለቱ መንገድ ገብቶ ይገናኛል። አሁን በየቦታው የሚሠራው መስታወትና አልሙኒየም የለበሰ ፎቅ ውስጥ ያለ አየር ማቀዝቀዣ መቀመጥ አይቻልም፣ እነዛ የድሮ አናጢዎች ግን ፀሐዩ ከየት እንደሚመጣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ አይተው ነው የሠሩት።

እንዲህ እየወደድኩት ምን አድርጌለት ነበር ካላችሁ፣ ምንም። ከፈረሰ በኋላ ስልኬን ፈትሼ የቤቱን ፎቶ ስፈልግ አራት ብቻ አገኘሁ፣ በአራቱም ሰው ቆሞበታል፣ የጓደኛዬ ምርቃት፣ የጥምቀት ልብስ ለብሰን፣ እንዲህ እንዲህ። ቤቱ ከኋላችን ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ነው ሚታየው።

ደብዳቤውን ኮፒ ያደረግኩ ዕለት ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። በነጋታው ሱቄን ዘግቼ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ሄድኩ። አንዲት ልጅ ነበረች፣ በትሕትና ነው ያስተናገደችኝ።

«የተመዘገበ ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ቤቱ። በቅርስነት ተመዝግቧል?»

«እኔንጃ፣ ግን በጣም የቆየ ቤት ነው፣ የጣልያን ቤት ነው ይባላል» አልኳት።

«እሺ መቼ ተሠራ? ማን አሠራው? ፎቶ አለህ? ልኬት፣ ፕላን፣ የድሮ ሰነድ፣ የሆነ የምታሳየኝ ነገር?»

ባዶ እጄን ነበር የሄድኩት። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ቤቱን አላውቀውም፣ ለአለቃዬ ምን ይዤ ልግባ?» አለችኝ። ይቺ ጥያቄ እስከዛሬ አልለቀቀችኝም። ከዛ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ የሷ ጥያቄ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ቤቱ በአንድ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሳይሞላ አለቀ። መጀመሪያ ቁራሌዎች መጡ፣ በርና መስኮቱን ነቅለው በጋሪ ጫኑት፣ ከዛ ቆርቆሮው ወረደ፣ ከዛ ሎደሩ ገባ። የድንጋዩ ክፍል ነው ያስቸገረው፣ ሎደሩ ሦስት ጊዜ ወደኋላ እየተመለሰ ነው የገፋው። ጭቃው ሲወርድ ውስጡ ታየ፣ ማገሩ በሚስማር ሳይሆን በልጥ ነበር የታሰረው፣ ልጡ ደርቆ እንደ ገመድ ጠንክሮ አሁንም እንጨቱን አልለቀቀም። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ ተለጥፎ እንደ ካርቶን ወፍሯል፣ ድሮ ጭቃው እንዳይራገፍ ሰው ጋዜጣ ይለጥፍበት ነበር። አንድ ቁራጭ አነሳሁ፣ ውሃ ነክሬ በቀስታ ስልጠው ከስር ያለው አዲስ ዘመን ሆኖ ተገኘ፣ ዳር ላይ 1955 የምትል ተርፋለች።

እኔ ያኔ 1955 ምን እንደምትነግረኝ አልገባኝም ነበር። የገባኝ አንድ አባት ጋ ስቀመጥ ነው። ከፍርስራሹ አጠገብ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው የሚያዩ ሽማግሌ ነበሩ፣ ወንበር አውጥቼ ሱቄ በር ላይ አስቀመጥኳቸውና «አባባ ይሄን ቤት ያውቁታል?» አልኳቸው። «እንዴት አላውቀውም ልጄ፣ ጭቃውን የረገጥኩት እኔ አይደለሁም!» አሉኝ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነው ውሃ እየቀዱ ጭድ እየበተኑ ጭቃ ሲረግጡ በቀን ሥራ ነው የጀመሩት፣ በኋላ ግንበኛ ሆነዋል። መቼ ነበር ስላቸው ዓመቱን በቁጥር አልነገሩኝም፣ «ጨርቃ ጨርቁ ሲሠራ ነው፣ ሰው ሁሉ ወደዛ ሥራ ሲሄድ ባለቤቱ ሠራተኛ አጥቶ ነው እኔን ልጁን የቀጠረኝ» አሉኝ። የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣልያን በተገኘ የጦርነት ካሳ የቆመው በ1953 ነው። ጋዜጣው ደግሞ 1955። ሁለቱ ገጠሙ።

እንግዲህ የጣልያን ቤት ስንለው የኖርነው ቤት የጣልያን አልነበረም። ያሠራው ነጋዴ ያገራችን ሰው ነው፣ ድንጋዩን የጠረቡት፣ ዳንቴሉን የፈለፈሉት አናጢ፣ ሁሉም እዚሁ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጣልያን ባህር ዳር የገባው በ1928 ነው፣ የሠራው ነገር እንዳለም አይካድም፣ ግን እኛ ትንሽ ድንጋይ ያለበትን፣ በረንዳ ያለውን፣ መስኮቱ የሚያምረውን ቤት ሁሉ ለሱ እንሰጠዋለን። ጥሩ ነገር ካየን ፈረንጅ ነው የሠራው። እነዛ አባት ቤቱ ሲፈርስ ቆመው ያዩ የነበረው የራሳቸውን የመጀመሪያ ሥራ ነው፣ እኔ ደግሞ ቢሮ ሄጄ «የጣልያን ቤት» ብዬ ነበር የተከራከርኩት። ይሄ ነው በጣም ያንገበገበኝ።

የባህር ዳር ችግር ደግሞ ጎንደር አጠገብ መሆኗ ይመስለኛል። ጎንደር ግንብ አላት፣ እኛ ሐይቅና ዘንባባ፣ ስለዚህ ባህር ዳር ውስጥ ቅርስ ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስበው ጀልባ ተሳፍሮ የሚደርስበትን ገዳም ነው። ከተማው ውስጥ ራሱ ያለውን ማን ያያል? ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያለውን ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ግንብ፣ ከአፄ ሱስንዮስ ዘመንና ከኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ጋር ስሙ የሚነሳውን ማለቴ ነው፣ ስንቱ ሰው በአጠገቡ ተሳልሞ ያልፋል ቀና ብሎ ሳያየው። ከዛ ወዲህ ያለው ደግሞ ጭራሽ እንደ ቅርስ አይቆጠርም። በ1950ዎቹ ማክስ ጉተር የሚባል የጀርመን ባለሙያና ቡድኑ የከተማውን ፕላን ሲያወጡ፣ ፖሊ የምንለው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም በሶቪየት እርዳታ በ1955 ሲከፈት፣ ጨርቃ ጨርቁ ሲቆም፣ ከተማዋ ከሐይቁ ዳር መንደርነት ወደ ትልቅ ከተማነት የዘለለችበት ዘመን ነው፣ ነጋዴውም ያኔ ነው መሀል ከተማ ላይ ቤት የሠራው። ታዲያ የዛ ዘመን ቤት ለአንዳንዱ ገና አዲስ ነው፣ ለአንዳንዱ ደግሞ አሮጌ ቆሻሻ፣ መሀል ላይ ወድቆ ነው ያለው።

አሁን ወደሚጠቅመው ልምጣ። ከሱ ቤት በኋላ ሌላ አንድ ቤት አገኘሁ፣ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የግል ቤት ነው፣ ባለቤቷ ሞተው ልጆቻቸው ለመሸጥ ተነስተዋል። እንዴት አገኘኸው ካላችሁ የውርስ ማስረጃቸውን ኮፒ ሊያደርጉ መጥተው ነው። ዝም አላልኩም፣ «ከመሸጣችሁ በፊት ሁለት እሁድ ስጡኝ፣ ቤታችሁን ልለካውና ፎቶ ላንሳው፣ ወጪው የኔ፣ ለናንተም አንድ ጥራዝ እሰጣችኋለሁ» አልኳቸው። ትልቋ ልጅ ትንሽ አሰበችና እሺ አለች። ሁለት እሁድ አልበቃኝም፣ አራት ፈጀብኝ።

ፎቶ ስታነሱ መጀመሪያ ሩቅ ሆናችሁ ሙሉውን ከአራቱም ጎን፣ ከዛ እያንዳንዱን በርና መስኮት ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ፣ ከዛ ማጠፊያውን፣ መቀርቀሪያውን፣ የድንጋዩን አያያዝ፣ የጣሪያውን እንጨት ከውስጥ። በየፎቶው ዳር ሜትር ዘርግታችሁ አስቀምጡ፣ ሜትር ከሌለ መጥረጊያም ይሆናል ርዝመቱን ከለካችሁት፣ አለበለዚያ ቆይቶ ያየ ሰው መስኮቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ አያውቅም። ጠዋትና ማታ ላይ አንሱ፣ ቀትር ላይ ጥላው ሁሉንም ይበላዋል። ሌላው፣ እኔ ፎቶውን በቴሌግራም ለወንድሜ ልኬ ከስልኬ ላይ አጠፋሁት፣ በኋላ ከሱ መልሼ ሳወርደው ጥራቱ ወርዶ የሜትሩ ቁጥር አይነበብም። ደግሜ ሄጄ ነው ያነሳሁት። እንደ ፋይል ላኩ፣ ጎግል ድራይቭ ላይም ፍላሽ ላይም አስቀምጡ፣ ሁለት ቦታ።

ደግሞ ይሄን ሳልነግራችሁ አልለፍ፣ በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ ቆሞ ካሜራ ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ያለ ፈቃድ አትጀምሩ። እኔ ከባለቤቶቹ የፈቃድ ወረቀት አስፈርሜ፣ ለቀበሌው አሳውቄ፣ መታወቂያዬን ይዤ ነው የሠራሁት፣ የመንግሥት ቢሮ ወይም ባንክ ወደሚታይበት አቅጣጫ ካሜራዬን አላዞርኩም። ሁለት ጊዜ ምን እያደረግክ ነው ተብዬ ተጠይቄ ወረቀቱን ሳሳይ በሰላም ተለቅቄያለሁ።

ልኬቱን ለብቻችሁ አትሞክሩ፣ ሜትሩን ጫፉ ላይ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ሱቄ የሚመላለስ የድራፍቲንግ (የሕንፃ ንድፍ) ተማሪ ነበር፣ ደስ ብሎት መጣ። እኔ እጠራለሁ እሱ ይጽፋል። የግድግዳው ውፍረት 60 ሴንቲ ሲሆን ልጁ ደነገጠ፣ ትምህርት ቤት የሚስለው ብሎኬት 20 ነው እኮ። አራት ማዕዘን የሚመስል ክፍል ሁሉ አራት ማዕዘን አይደለም፣ ስለዚህ ከጥግ ወደ ጥግ አግድም ለኩ፣ እሱን ካልለካችሁ ወረቀት ላይ ስትስሉት አይገጥምላችሁም።

ዕድሜውን ለማወቅ ደግሞ «ስንት ዓመቱ ነው» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው መቶ ዓመት ይላችኋል፣ አክብሮት ስለሆነ። እኔ ሽማግሌውን እንደጠየቅኩት «ምን ሲሠራ ነበር? ማን ሲነግሥ? ያኔ እርስዎ ስንት ልጅ ነበረዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዛ እናንተ አስሉት። የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የሽያጭ ውል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ፣ የሰርግ ፎቶ (ከሙሽሮቹ ጀርባ ቤቱ አለ)፣ ሁሉም ይናገራል። ድምፅ ቅዱ፣ ግን ፈቅደው።

ይሄን ሁሉ ሳሰባስበው 38 ገጽ ሆነ፣ አስጠርዤ ወደዛው ቢሮ ወሰድኩት። ያቺው ልጅ ነበረች። ገልጣ ገልጣ አየችና «አሁን የምይዘው ነገር አገኘሁ» አለችኝ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚባለው አለ፣ አንብቡት፣ እኔ ጋ ብዙ ሰው ኮፒ አስደርጎታል። ቤቱ ከተመዘገበ ባለይዞታው የመጠበቅ ግዴታ ይመጣበታል፣ ለእድሳትም ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ ለባለቤቶቹ ይሄን ሳትነግሯቸው ማመልከቻ ማስገባት ነውር ነው፣ ቤታቸው ነው። እኔ ነግሬያቸው አንዱ ወንድም ተቃወመ፣ ተነጋግረው ተነጋግረው በመጨረሻ ማመልከቻውን ትልቋ ራሷ ፈረመችበት። ውሳኔው ገና ነው።

የኗሪውን ነገር ደግሞ መደበቅ አልፈልግም። ያ የመጀመሪያው ቤት ሲፈርስ እኔ እንባዬ መጥቶ እማማን ላጽናና ሄጄ «እማማ አይዞዎት» ስላቸው፣ «ምን አይዞዎት ትለኛለህ አንተ ልጅ፣ ይሄው ስንት ክረምት ሳፋ ደቅኜ አደርኩ እኮ!» አሉኝ። አምስት አባወራ ነው የሚኖርበት፣ ሽንት ቤቱ አንድ። ቤቱ በአዋጅ 47/1967 ከተወረሰ ጀምሮ የቀበሌ ነው፣ ኪራዩ ጥቂት ብር ስለሆነ የሚያድሰው አልነበረም፣ ኗሪው ደግሞ የራሱ ስላልሆነ ገንዘቡን አያፈስበትም። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ከኖረ ቤት ሎደሩ የመጨረሻውን ነው የሠራው። ከውጭ ሆኜ ዳንቴሉን የማየው እኔ፣ ከውስጥ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያድሩት እሳቸው። ማመልከቻ ስትጽፉ ሽንት ቤቱንም የጣሪያውንም ነገር አብራችሁ ጻፉ፣ ሰው የሚኖርበትን ሳታስተካክሉ ይቆይ ብቻ ማለት ለኗሪው ግፍ ነው።

ጭቃ ቤት ዕድሜ የለውም የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዘጌ ሂድ ነው የምለው። እዛ ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ጭቃ ነው፣ በሐይቅ ዳር እርጥበት ውስጥ ስንት ትውልድ አሳልፏል። የሚጠብቀው ሰው ስላለው ነው፣ ጣሪያው ሲያረጅ ይቀየራል፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ይመረጋል። የሁለተኛው ቤት ልጆችም መጀመሪያ ያደረጉት እሱን ነው፣ ሽያጩን ለጊዜው ትተው ከክረምቱ በፊት 14 ቆርቆሮ ቀየሩ። በወጪ ደረጃ ትልቅ አይደለም፣ ግን ውሃ ካልገባ ግድግዳው ይቆማል።

ቁራሌዎቹ የወሰዱትን መስኮት ደግሞ ተከታትዬ አንዱን ጥንድ አገኘሁት፣ ለማገዶ ሊሸጡት ነበር፣ ገዛሁት። ቤት የሚፈርስ ከሆነና ማስቀረት ካልቻላችሁ ሎደሩ ከመምጣቱ በፊት ከባለቤቱም ከቁራሌውም ጋር ተነጋገሩ፣ ቁራሌው ለክብደቱ ነው የሚከፍለው፣ ትንሽ ብትጨምሩለት ይተውላችኋል። አሁን ሱቄ ግድግዳ ላይ ነው ያለው፣ አልቀባሁትም፣ አንዱ ጣውላ ላይ ልጅ በሚስማር የፋቀው «ሀ ሁ ሂ» አለበት። እማማ አዲሱ ሰፈራቸው ሩቅ ቢሆንም ለጊዮርጊስ በዓል ሲመጡ ጎራ ይላሉ፣ ባለፈው መስኮቱን በእጃቸው ዳስሰው «ይሄስ የሁለተኛው ልጄ ነው» አሉኝ፣ ፊደሉን ማለታቸው ነው።

ሽምብጥ አካባቢ የሆነ ሰው ትናንት ደውሎልኝ ነበር፣ የአያቱ ቤት በረንዳ ያዘመመ ነው፣ ሳይፈርስ እንድንለካው ይፈልጋል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከተማሪው ጋር እንሄዳለን፣ ሜትሩን የሚይዝ አንድ ሰው ቢጨመር ደስ ይለናል።